ገዝቶ መፈተን ወይስ ፈትኖ መግዛት?

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ታላቁ ራት ባስተማረው ምሳሌ (ሉቃ. 14፥16-24) ወደ ማዕዱ የተጠሩት ሰዎች እያመካኙ ሲቀሩ እናያለን። አንደኛው እርሻ ገዝቶ ነበርና ሄዶ ሊያየው ግድ እንደ ሆነበት ተናገረ፤ ሁለተኛው አምስት ጥማድ በሬ ገዝቶ ነበርና ሊፈትናቸው መሄዱን አስታወቀ። ሁለቱም ይቅርታ ይደረግላቸው ዘንድ ለመኑ።

ይህን ምሳሌ ስናስተምር ዘወትር የምናተኩረው በጥሪው ክብርና በእንቢታው ክፋት ላይ ነው፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ንባቡ ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ ሲነበብለት አስቀድሞ የሚያስደንቀው ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ከፍኖተ ሰላም ብዙ በማይርቅ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ወንጌሉን ተርጉመን ስንጨርስ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፥ «አባታችን፥ ይህ ሰው የቀረበት ራቱ ብቻ አይደለም፤ ዐሥር በሬ ሳያጠምድ የገዛ ሰው እርሻውም ቀርቶበታል» አሉን። ሕዝቡ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን።

ሽማግሌው እውነት አላቸው። በአገራችን በሬ የሚገዛ ሰው ገበያ ወጥቶ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ጫንቃውን ይዳስሳል፤ ወዲያና ወዲህ እየነዳ አረማመዱን ይመለከታል። ይህም ሁሉ ሆኖ አያምንም፤ ሻጩን ዋስ ያስጠራዋል። በዓይን የማይታይ ነውር አለና። ሻኛው የቆመ፥ ቀንዱ የተስተካከለ፥ መልኩ ያማረ በሬ ቀንበር ሲያርፍበት በፈር መካከል ተኝቶ አልነሣም ሊል ይችላል። ከአጣማጁ ጋር የማይስማማም አለ፥ ወጊም አለ። ይህን የሚገልጸው ሞፈርና ቀንበር እንጂ የሻጭ አፍ አይደለም።

ይህን ለማንሣት ምክንያት የሆነን ባለፈው ጥር 21 ቀን፥ በአስተርእዮ ማርያም በዓል፥ በቡሬ ከተማ የሆነው ነገር ነው። በእመቤታችን ስም የሚጠጣ የጽዋ ማኅበር አለ። የዚያ ወር ተረኛ የንስሐ ልጃችን የሆነ ወጣት ነጋዴ ነበረ፤ በበርበሬና በበቆሎ ንግድ የሚተዳደር፥ እጁም ያልታጠፈ ሰው ነው። በዋዜማው መልእክት ላከብን፤ ስለ አዲስ መኪና ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ሄጃለሁና ማኅበሩ ይቅርታ ያድርግልኝ የሚል። ቃሉን ስንሰማ ያ የወንጌሉ ሰው ትዝ አለንና ዝም አልን። ሌላ ወንድም ተነሥቶ ዝክሩን አዘጋጀ፤ በዓሉም ዋለ። (የልጃችንን ስም አንጠራም። በኑዛዜ የተነገረ ነገርም እዚህ የለም፤ ለምክር መጥቶ ያጫወተንን፥ ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ ጻፉት ብሎ የፈቀደልንን ብቻ ነው የምንጽፈው።)

ከተመለሰ በኋላ ወደ ቤታችን መጥቶ «አባቴ ይፍቱኝ» ብሎ ተቀመጠና ነገሩን ዘረዘረልን። መኪናይቱ የስፖርት መኪና ከሚሏቸው ወገን ናት፤ በኤሌክትሪክ የምትሄድ፥ ወደ ምድር ዝቅ ያለች፥ ሁለት በር ብቻ ያላት፥ ለፍጥነት የተሠራች። ገና ወደ አገር አልገባችም። አስመጪው ግን ወረፋ ለሚይዙ ሰዎች አስቀድሞ ይሸጣል። ልጃችን ወረፋ ለመያዝ ጥቂት ቀብድ ቀደም ብሎ ከፍሎ ኖሮ፥ አሁን በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ የዋጋዋን ሲሶ እንዲያስገባ ተጠየቀ፤ ካላስገባ ወረፋው ያልፈዋል፥ ዋጋውም ይጨምራል ተባለ።

«ነድተሃታልን?» አልነው።

«አልነዳኋትም፥ አባቴ።»

«ተቀምጠህባታልን?»

«የለችምኮ፤ በምን እቀመጥባታለሁ? ግን ሁሉ ነገሯን አውቀዋለሁ» ብሎ ስልኩን አወጣና ሥዕሏን አሳየን። ሥዕሏ በእውነት ያማረ ነው፤ ይህን አንክድም።

ገንዘቡ ከየት እንደ ሆነ በጠየቅነው ጊዜ ግን ድምፁ ዝቅ አለ። ግማሹ የራሱ ትርፍ ነው። ግማሹ በጃቢ ጠህናን ገጠር ካሉ ገበሬዎች በታኅሣሥ በዱቤ የተረከበው የበርበሬና የበቆሎ ዋጋ ነው፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሊከፍላቸው ቃል ገብቶላቸዋል። «ጥቂት ቢታገሡኝ ምን አለበት?» አለን።

እንግዲህ ነገሩን በየወገኑ እንመልከተው። በመጀመሪያ ያማረ መኪና መውደድ በራሱ ኃጢአት ነው የሚል ትምህርት የለንም። የአገራችን ሰው ጃንደረባው በሰረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ነው ፊልጶስ የተላከለት (ሐዋ. 8፥26-31)፤ ሰረገላው ለጥምቀቱ ዕንቅፋት አልሆነበትም። ዋጋን አስቀድሞ መክፈልም በራሱ ነውር አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ፥ ኢየሩሳሌምም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ ሳለች፥ እግሩ ሊረግጠው የማይችለውን የዓናቶትን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዝቷል (ኤር. 32)። ልጃችንም ይህንኑ ጠቀሰልን፤ መጽሐፍ ያነባልና።

ነገር ግን ኤርምያስ እንዴት እንደ ገዛ አስተውሉ። ዓናቶት የትውልድ አገሩ ነው፤ ሻጩ አናምኤል የአጎቱ ልጅ ነው፤ እርሻውን ያውቀዋል። ብሩን በሚዛን መዘነ፤ ምስክሮችን ጠራ፤ ውሉን ጻፈ፤ የታተመውንና የተገለጠውን ለየ፤ በባሮክ እጅ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው። ለራሱ ደስታም አልገዛም፤ ለሕዝቡ ተስፋ ምልክት ይሆን ዘንድ እግዚአብሔር አዝዞት ነው እንጂ። የከፈለው ብርም የሌላ ሰው ዕዳ አልነበረም። ስለዚህ የኤርምያስን ግዥ ለራሱ ማስረጃ የሚያደርግ ሰው ሁሉንም አሟልቶ ይጥቀስ።

በመጽሐፈ ምሳሌ የተመሰገነችው ሴት ደግሞ እርሻን አስቀድማ ትመለከታለች፥ በኋላም ትገዛለች (ምሳ. 31፥16)። የሉቃሱ ሰው ግን አስቀድሞ ገዛ፥ በኋላ ሊያይ ሄደ። ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው የተገለበጠው፤ በዚህ መገለበጥ ግን ሰውየው ባሪያ ሆነ። ሳይከፍል የሚያይ ሰው ነውር ሲያገኝ ይተዋል፤ ከፍሎ የሚያይ ሰው ግን ነውሩን ሊያይ አይወድም፤ ገንዘቡ ከዚያ አለና ልቡም ከዚያ ነው (ማቴ. 6፥21)። ስለዚህ ፈተናው ፈተና መሆኑ ይቀርና የራስን ሥራ ማጽደቂያ ይሆናል። ከጥንት መተርጉማን አምስቱን ጥማድ በአምስቱ ሕዋሳት የተረጐሙ አሉ። ልጃችንም በአንዱ ሕዋስ በዓይን ብቻ ገዝቶ አራቱን ገና አላጠመዳቸውም። በቅኔ ቤት ያለፈ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ተማሪ ቅኔውን ለመምህሩ ሳይቈጥር በማኅበር መካከል አይቀኝም፤ ሥዕሉ ሰሙ ነው፥ ወርቁ ገና ሳይመረመር።

ይህም የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 2017) ቴስላ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሮድስተር የምትባል አዲስ የስፖርት መኪና ለሕዝብ አሳየ። ከቆመችበት ተነሥታ በ1.9 ሰከንድ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ትደርሳለች ተባለ፤ በ2020 ትወጣለች ተባለ። ወረፋ የሚይዘው 50,000 ዶላር፥ የመጀመሪያዎቹን 1,000 የሚፈልገው ደግሞ ሙሉውን 250,000 ዶላር አስቀድሞ እንዲከፍል ተጠየቀ። ዓመቱ ደረሰ፥ አለፈም፤ እስከ 2025 ድረስ አንዲቱ እንኳ ለገዢ አልተሰጠችም። ከፍለው የጠበቁት አላዋቂዎች አልነበሩም። እውነቱን ለመናገር ይኸው ኩባንያ በ2016 ለሌላይቱ፥ ለሞዴል 3፥ የጠየቀው 1,000 ዶላር ብቻ ነበረ፥ እርሱም የሚመለስ፤ መኪናይቱም በዓመቱ መሰጠት ጀመረች። እንግዲህ ቀድሞ መክፈል ሁሉ ማታለል አይደለም፤ የሚለየው የተከፈለው ገንዘብ መጠንና ተመላሽነት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሄዱት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፥ መኪና የሚሻ ሰው ሁሉ አባቱም እርሱም የማያውቁትን ዕቃ ለመግዛት ተገዷል። የነዳጅ መኪና ነውሩ በጎረቤት ይታወቃል፤ የዚህኛው ግን ገና እየተጠና ነው። አንድ ጊዜ በተሞላ ባትሪ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ትሄዳለች የሚለው ጽሑፍ በየአገሩ መመዘኛ ይለያያል፤ በቻይናው መመዘኛ የሚነገረው ርቀት በአውሮፓው ከሚነገረው በዝቶ ይታያል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍኖተ ሰላም ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመካከሉም ዓባይ አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ወደ ደጀንም ያንኑ ያህል ይወጣል። በቁልቁለቱ ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ ወደ ባትሪው ይመልሳል፥ በዐቀበቱ ግን ከመለሰው የበለጠ ይበላል። ይህን በስልክ ሥዕል ማን ያየዋል? ምድሯ የተጠጋጋ መኪናም በክረምት ከቡሬ ወደ ገጠር በሚያስገባው ጭቃ ምን እንደምትሆን ልጃችን ያውቀዋል፤ በበርበሬ መኪና ስንት ጊዜ ተቀርቅሮ አድሯል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን ግጭት የተነሣ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የስሟ ትርጓሜ «የሰላም መንገድ» የሆነው ከተማችን ለስሟ ስታዝን አይተናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሩጫ ምን ያደርግለታል ብለን ጠየቅነው። መልስ አልሰጠንም።

ዋጋውስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዛሬ ሲሶ የከፈለ ሰው በሚረከብበት ቀን የቀረው ሁለት እጅ ስንት እንደሚሆን ካልተጻፈለት፥ የገዛውን ነገር ዋጋ ገና አያውቅም ማለት ነው። ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲያሰላ ጌታችን ያስተማረው በዚያው በሉቃስ 14ኛ ምዕራፍ ነው፤ ከበሬው ገዢ ጥቂት ቁጥር ዝቅ ብሎ።

ስለ ቀብዱም ውሉን አምጣ ብለን አነበብነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ እንደ ሆነ ይናገራል፤ በቁጥር 1885ም ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፥ ተቀባዩ ቢተው ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። ፍርዱ ሚዛናዊ ነው። በልጃችን ውል ግን ገዢው ቢተው የሚያጣው ተጽፏል፤ ሻጩ ቢዘገይ የሚደርስበት አልተጻፈም። የገጠሩ ገበሬ ዋስ የሚያስጠራው ሻጩን ነው፤ እዚህ ዋስ ሆኖ የተገኘው ገዢው ነው።

ይህ ሁሉ ግን ለእኛ ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ የገበሬዎቹ ገንዘብ ነው። የሠራተኛውን ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው የሚለውን ሕግ (ዘዳ. 24፥15) ስናስተምር የቀን ሠራተኛን ብቻ የሚመለከት ይመስለናል። በርበሬውን ተክሎ፥ ለቅሞ፥ አድርቆ በዱቤ ያስረከበ ገበሬ ምንድን ነው? የያዕቆብ መልእክት በባለጸጎች እጅ የቀረ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል (ያዕ. 5፥4)። ልጃችን ሳይነዳት የሚገዛት መኪና በራሱ ገንዘብ ብትሆን ጉዳቱ የራሱ ነበረ፤ አሁን ግን ያልተጠየቁ፥ ሥዕሏንም ያላዩ ሰዎች ከእርሱ ጋር ወረፋ ይዘዋል። «ጥቂት ይታገሡኝ» ማለት እነርሱ ማዳበሪያ ከሚገዙበት ገንዘብ ለእርሱ ደስታ ብድር ይስጡ፥ ሳይጠየቁም ይስጡ ማለት ነው። ይህን አጥብቀን ነገርነው፤ ምናልባት ከሚገባው በላይ አጥብቀን ይሆናል። ከፍቶት ሄደ። መስቀል ተሳልሞ ወጣ እንጂ አንድ ቃል አልተናገረም።

በየካቲት 21 የማኅበሩን ጽዋ ያለ ተራው እርሱ ተቀበለ። የጠላውን ጋን በተከራየው ባጃጅ አሳፍሮ መጣ። ከጸሎቱ በኋላ ቀርቦ እንደ ነገረን፥ ሁለተኛውን ክፍያ አላስገባም፤ ቀብዱ እንደ ውሉ ቀርቶበታል፤ ገበሬዎቹን ግን በሙሉ ከፍሏል። ለቀብዱ እያዘነ ሳለ አዲስ አበባ የሚኖር ወዳጁ የእርሷን የመሰለች ዝቅተኛ የኤሌክትሪክ መኪና አስነዳው። ረጅም ሰው ነውና ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ፤ በሰፈሩ መንገድ ላይ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስታልፍም ሆዷ ተፋቀ።

«ግን አባቴ፥ ሩጫዋን ቢያዩት!» አለ።

አስመጪው መኪኖቹን ሲያስገባ እንደ ገና ሄዶ ሊነዳት አስቧል። እኛም ሻጩ ከፈቀደ እስከ ዓባይ በረሃ አውርደህ ወደ ደጀን አውጣትና ከዚያ በኋላ ና፥ እንነጋገራለን አልነው። ከጋኑ ቀድቶ አቀረበልን፤ ባርከን ጠጣን።