ቃየል የተከሰሰበት አንቀጽ

ቃየል ወንድሙን ሲገድል ኦሪት ገና አልተጻፈችም። እንዲያም ሆኖ ተፈርዶበታል። የኔታ ዘመኑ ሕገ ልቡና ነው፣ «አትግደል» በሰው ልብ ውስጥ ነበረ ብለው አስተምረውናል። አሁን የወንጀል ሕግ ሳስተምር ተማሪዎቼ በዚሁ ይይዙኛል፦ ሰላማዊ ሰው መግደል ነውር መሆኑን ለማወቅ ወታደር አንቀጽ ያስፈልገዋል ወይ?

አያስፈልገውም። አንቀጹ ለዳኛው ነው። ቃየልን የጠየቀው ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር ነው፤ ልደታ የተሰየመ ችሎት ግን ከመዝገብ በቀር የሚያነበው የለም።

ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነትን በ1941 ከአገር ሁሉ ቀድማ አጸደቀች። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ (ረቂቁ የስዊዙ ፕሮፌሰር የዣን ግራቨን ነው) በአንቀጽ 281 ስምምነቱ የተወውን ጨመረ፤ ለፖለቲካ ቡድንም ጥበቃ ሰጠ። ኅዳር 14 ቀን 1967 የጃንሆይ ሹማምንት ያለ ፍርድ ሲረሸኑ ይህን አንቀጽ ያስታወሰ አልነበረም። ደርግ ሲወድቅ ልዩ ዐቃቤ ሕጉ የመዘዘው ግን ይህንኑ ነው። «አብዮታዊ እርምጃ» የሚሉ የግድያ ትእዛዞች፣ ፊርማና ማኅተም እንዳለባቸው፣ ማስረጃ ሆነው ቀረቡ። መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌሉበት በ1999 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ። ያቺ ጭማሪ ባትኖር በፖለቲካ አቋሙ የተገደለ ሰው መዝገብ ተራ የነፍስ ግድያ ሆኖ በቀረ።

የ1996ቱ ሕግም ዘር ማጥፋትን በአንቀጽ 269፣ በሰላማዊ ሰዎች ላይ የሚፈጸም የጦር ወንጀልን በ270 ይዟል። የጎደለው በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ይርጋ እንደማያግደው፣ በምሕረትም በይቅርታም እንደማይታለፍ ይናገራል፤ የወንጀል ሕጉ ግን ትርጉምም ቅጣትም አልሰጠውም። የሮም ስምምነት አባል አይደለንምና ከዚያም አንበደርም። ስለዚህ ጦርነት በሌለበት፣ ቡድን ለማጥፋት መታሰቡም ካልተረጋገጠ፣ በመንግሥት ዕቅድ የተገደሉ ሰዎች ጉዳይ እንደ መንደር ጠብ ይከሰሳል።

ዛሬ ይጻፍ ብንል ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 አለ፦ የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም። ተማሪዎቼ «ገዳዩ መግደል ወንጀል መሆኑን መች አጣው?» ይላሉ። ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። የወንጀሉ ስም አዲስ ይሁን፣ ቅጣቱ ግን ድርጊቱ ሲፈጸም ከነበረው አይለፍ። አንዷ አልተዋጠላትም።

«ስም ብቻ ከሆነ ለሟች ቤተሰብ ምን ጨመረላቸው?»

«ገዳዩ በይርጋ አያመልጥም፤ የሚመጣው መንግሥትም ምሕረት ሊሰጠው አይችልም» አልኳት።