የወንዝ ልጅና የውሃ አባት

በአማርኛችን ሰው በሰው አገር የትውልድ ቀዬውን ሰው ሲያገኝ «የወንዜ ልጅ» ይለዋል። የመንደሬ ልጅ፣ የተራራዬ ልጅ ማለት ሲቻል ወንዙ መመረጡ በከንቱ አይመስልም። ወንዝ ያጠጣል፤ ያጥባል፤ ያሻግራል፤ አንዳንዴም ይወስዳል። ከሁሉም በላይ ግን ሳይጠየቅ የሰውን እድፍ ተሸክሞ ይሄዳል። በአንድ ወንዝ ያደጉ ሁሉ የአንድ ውለታ ባለዕዳዎች ናቸው ማለት ነው። በቃሉ ሙሉ ትርጉም የወንዝ ልጅ የሚባለው ግን ከእኛ ከሰዎች ይልቅ ዓሣ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ሸዋ ሮቢትን አለፍ ሲሉ ጀውሃ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ጀውሃ የወንዝም ስም ነው። የስሙ መነሻ ምንም ይሁን ምን፣ ሲጻፍ «ውሃ» የሚለው ቃል አብሮት ይነበባል። ሮቢም ሆነ ጀውሃ ከሸዋ ደጋ ተራሮች ወደ ይፋት ቆላ ሲወርዱ ከድንጋይ ጋር እየተላተሙ ነው። «ውሃን ምን ያስጮኸዋል? ድንጋይ» ይባል የለ! ይህ ጩኸት ታዲያ ጥቅም አለው። ውሃው ድንጋይ ላይ በተሰበረ ቁጥር አየር ይቀላቀልበታል፤ ዓሣም የሚተነፍሰው ያንን ነው። ድንጋዩን በእጅ ሲዳስሱት የሚያሟልጨው ልባስም ተራ ቆሻሻ አይደለም፤ በዓይን የማይታዩ እልፍ አእላፍ ሕያዋን የሰፈሩበት መንደር ነው። ዓሣው ይበላል፣ ያስወግዳል፤ ወንዙ ይወስዳል፣ ድንጋዩ ላይ ያሉት ሕያዋን ይለውጣሉ። ዓሣው ለዚህ ሁሉ አገልግሎት የሚከፍለው ነገር የለም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ይህን የወንዝ ልጅ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያኖረ ሰው ምን ዕዳ ገባ?

ዛሬ በአዲስ አበባ የዓሣ ገንዳ በሆቴል መግቢያ፣ በክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል፣ በአንዳንድ ቤትም ሳሎን ውስጥ ይታያል። አብዛኛው ጌጠኛ ዓሣ ወንዝ አይቶ የማያውቅ፣ በእርባታ ኩሬ የተፈለፈለ ነው ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ አካሉ ግን የተሠራው ለሰፊ ውሃ ነው። ምግብ እንሰጠዋለን፣ መብራት እናበራለታለን፣ ልጆቻችን አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ያዩታል። ውሃው እንደ ብርሌ የጠራ ነው። ዓሣው ግን በዚያው በጠራ ውሃ ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዓሣ በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት ብልት በኩል፣ አሞኒያ የተባለ መርዝ ያስወጣል። አሞኒያ በውሃ ውስጥ ቀለም የለውም። በወንዝ ውስጥ በብዙ ውሃ ስለሚበተንና ስለሚለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አያደርስም፤ በመቶ ሊትር ሣጥን ውስጥ ግን በየሰዓቱ ይጠራቀማል። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሊቅ በ1890 (እ.ኤ.አ.) ግድም እንዳሳየው፣ ይህን መርዝ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እርሱም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን እጅግ ወደሚሻለው ናይትሬት ይለውጠዋል። ከቪኖግራድስኪ አርባ ዓመት ግድም ቀደም ብሎ ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ዓሣን ከውሃ ተክል ጋር በአንድ ዕቃ ሲያኖር፣ የበሰበሰው ቅጠል ውሃውን እያበላሸ አስቸግሮት ነበር። መፍትሔ የሆኑት የበሰበሰውን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሰዎች ሊያዩት የመጡት ያማረውን ዓሣ ቢሆንም፣ ዓሣውን በሕይወት ያቆየው ማንም ሊያየው የማይመጣው ፍጡር ነበር።

የዛሬው ማጣሪያም ከዚህ የራቀ አይደለም። ካኒስተር የሚባለው ዓይነት ክዳኑ ጥብቅ አድርጎ የሚዘጋ፣ ጀሪካን የሚያህል ዕቃ ነው፤ ከገንዳው በታች በቁም ሣጥን ውስጥ ይደበቃል። ውሃው በአንድ ቱቦ ይወርድለታል፤ በውስጡ በተደረደሩት ስፖንጅና የሸክላ ቀለበቶች መካከል ያልፋል፤ ትንሽ ሞተር በሌላ ቱቦ መልሶ ይገፋዋል። እዚህ ላይ ቋንቋችን አንድ ጥሩ ልዩነት ያስተምረናል። ጠላ ይጠለላል፤ ጠጅ ግን ይጠራል። ማጥለል አሰሩን ከመጠጡ የሚለይ የእጅ ሥራ ነው፤ መጥራት የጊዜ ሥራ ነው። ስፖንጁ ያጠልላል፤ በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች ግን ያጠራሉ። ለዚህም ነው አዲስ ገንዳ ባብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ትዕግሥት የሚጠይቀው። ገንዘብ ያለው ሰው ውዱን ማጣሪያ ዛሬውኑ ሊገዛ ይችላል፤ ስድስቱን ሳምንት ግን አይገዛም።

ማጣሪያ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጉልበቱን ነው። የተለመደው ልክ በሰዓት የገንዳውን ውሃ አራት ወይም አምስት ጊዜ የሚያዞር ይሁን የሚል ነው፤ ለመቶ ሊትር ገንዳ ከ400 እስከ 500 ሊትር መሆኑ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ ዕቃው ባዶ ሳለ የተለካ ስለሆነ፣ ስፖንጁ ሲገባና እድፍ ሲይዝ ይቀንሳል። ጉልበት ሁሉ ደግሞ በጎ አይደለም፤ ረጋ ያለ ውሃ የሚወድ ዓሣ ኃይለኛ ሞገድ ያደክመዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ለሸክላውና ለስፖንጁ ምን ያህል ቦታ አለው የሚል ነው። ሦስተኛውንና ዋናውን ግን ሻጩ አይጠይቀንም፦ ይህን ዕቃ ትከፍተዋለህ ወይ? ክዳኑ የሚያስቸግር፣ ቱቦው ለመንቀል የሚያታግል ማጣሪያ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ተረስቶ ይቀራል። ለትንሽ ገንዳ ደግሞ በአየር መግፊያ የሚሠራ ተራ ስፖንጅ ይበቃል። ከማይከፈት ውድ ዕቃ የሚታጠብ ርካሽ ዕቃ ይሻላል።

አያያዙም የራሱ ፍልስፍና አለው። ስፖንጁ ሲደፈን መታጠብ አለበት፤ ነገር ግን በቧንቧ ውሃ አይደለም። የከተማ ውሃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ክሎሪኑም ወዳጅን ከጠላት አይለይም። ስለዚህ ከገንዳው ራሱ በባልዲ በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ይመለሳል። ሁሉም በአንድ ቀን አይታጠብም፤ ዛሬ ስፖንጁ ከታጠበ ሸክላው ሌላ ጊዜ ይጠብቃል። ንጽሕና ወዳዱ ባለቤት ሁሉንም አውጥቶ፣ በሳሙና ፈትጎ፣ ጸሐይ ላይ አስጥቶ ቢመልሰው፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ በሚያብለጨልጨው ገንዳ ላይ የሞቱ ዓሦች ተንሳፈው ሊያገኝ ይችላል። ከእድፍ ጋር እድፉን የሚበሉትን አብሮ አጥፍቷልና! በቤታችን፣ በመሥሪያ ቤታችን፣ በአገራችንም ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ጠራርገን እናጽዳ የሚል ሰው ሲነሣ ይህን ስፖንጅ ብናስታውስ አይጎዳንም።

የእኛን አገር ሰው በተለይ የሚመለከት ሌላም ነገር አለ፤ መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ይቆማል። በተዘጋው ዕቃ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የቀረችውን አየር ተንፍሰው ይጨርሷታል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ይታፈኑና ይሞቱ ይጀምራሉ፤ ውሃው ይሸታል። መብራቱ ሲመጣ ሞተሩ ያንን የሸተተ ውሃ በቀጥታ ዓሦቹ ላይ ይገፋዋል። ለማዳን የተገዛው ዕቃ በራሱ የመርዝ ጋን ሆነ ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መብራቱ ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ሞተሩን ከሶኬት መንቀል፣ ዕቃውን ከፍቶ የታቆረውን ውሃ መድፋት፣ ስፖንጁንና ሸክላውን በገንዳው ውሃ አለቅልቆ ከዚያ ማስነሣት ነው። ቀላል ቢሆንም ግን አንድ ሰው እዚያ መገኘት አለበት።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ እንኳ እድፉ ከዓለም አልጠፋም። ናይትሬቱ ይከማቻል፤ ውሃው ሲተንን ጨው ይቀራል። የጎደለውን ብቻ መሙላት አይበቃም፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ያህሉን ቀድቶ መድፋትና ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ መተካት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የጀውሃ ወንዝ መልሶ ያስተምረናል። ጀውሃ የሚወርደው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ነው፤ አዋሽም 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር አይደርስም። በጂቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ ውሃው በዚያ ይተንናል፣ ጨዉ ይቀራል። አዋሽ መውጫ የሌለው ትልቅ ገንዳ ነው። ከአዲስ አበባ በአቃቂ፣ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በቦርከና የሚወርደው ፍሳሽ ሁሉ ወደዚሁ ገንዳ ይገባል። ወንዝ ይወስደዋል ስንል፣ ከዓይናችን ያርቀዋል ማለታችን እንጂ ያጠፋዋል ማለታችን አይደለም።

አንባቢ እዚህ ላይ ሊቆጣ ይችላል። ገና ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ያላገኘ ሕዝብ ባለበት አገር ለዓሣ የሚጣራ ውሃ ምን ወግ ነው? ቁጣው ተገቢ ነው፤ በዚያው ገንዘብ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ፣ ያላኖረው ሰውም ምንም አልጎደለበትም። ነገር ግን መጀመሪያ ማኖርና ካኖሩ በኋላ መርሳት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በጀውሃ ያለ ዓሣ ውሃው ሲከፋበት ወደተሻለው ጥልቅ ይሄዳል፤ የመስታወቱ ዓሣ የትም አይሄድም። የሮም ከተማ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ወርቃማ ዓሣን ክብ በሆነ የመስታወት ሳህን ማኖርን ስትከለክል ቅንጦት የመሰለው ሰው ሞልቶ ነበር። መነሻው ግን ቁምነገር ነው፤ መሄጃ የከለከልነው ፍጡር የሚደርስበት ሁሉ በእኛ ስም ይጻፋል።

ይህ ደንብ በዓሣ አያበቃም። ሸዋ ሮቢት ሲባል ለብዙ ኢትዮጵያዊ ከሽንኩርቱና ከማሾው በፊት ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው። በዚያም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ ሰውን በሕግ ያሰረ መንግሥት፣ በሩ ያስቀረበትን ውሃና አየር፣ ሕክምናና ጠያቂ የማቅረብ ዕዳ አለበት፤ ታሳሪው ጥፋተኛ መሆኑ ዕዳውን አይሰርዘውም። ወደ ቤታችንም እንምጣ። አሮጊት እናታችንን ከይፋት አምጥተን በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እናስቀምጣለን። አልጋው ንጹሕ ነው፤ ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል፤ ቴሌቪዥኑ በርቷል። ገንዳው የጠራ ነው! ነገር ግን በአገር ቤት ኀዘኗንና ብሶቷን በየዕለቱ ይቀበሏት የነበሩት የቡና ጎረቤቶች፣ የዕድሩ ሰዎች፣ የማኅበሩ ወዳጆች የሉም። የማይታየው ነገር ይጠራቀምባታል። «ምን ጎደላት?» እንላለን፤ የጎደላት ወንዙ ነው። ያመጣናት እኛ ነንና እርሱን መተካት የእኛ ፈንታ ነበር።

ለዚህ ኃላፊነት ከሩቅ ስም መበደር አያስፈልገንም። በባህላዊ መስኖ በሚታረስባቸው የአማራ ወረዳዎች፣ በሰሜን ሸዋም ጭምር፣ ገበሬው ከወንዝ ጠልፎ በቦይ የሚያመጣውን ውሃ የሚያስተዳድር፣ በገበሬው የተመረጠ ሰው አለ። «የውሃ አባት» ይባላል። የውሃ አባት ውሃን አይፈጥርም፤ የእርሱም ሀብት አይደለም። ተራ ያስጠብቃል፤ ቦዩ በደለል ሲሞላ ሰዉን ጠርቶ ያስጠርጋል፤ የላይኛው ገበሬ የታችኛውን እንዳያስጠማ ይቆጣጠራል። ደለሉ ዘንድሮ ቢጠረግ ለከርሞ ይመለሳል፤ እርሱም እንደገና ያስጠርጋል። ወንዝን ከመንገዱ ያወጣ ሰው ወንዙ በነጻ ይሠራው የነበረውን ሥራ በጉልበቱ መሥራት እንዳለበት ገበሬው ከጥንት ያውቃል።

ስለዚህ ገንዳና ማጣሪያ ሊገዛ ያሰበ ሰው ስለ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት ራሱን ይጠይቅ። በየሳምንቱ ባልዲ አነሣለሁ ወይ? መብራት በጠፋበት ሌሊት ተነሥቼ ያንን ዕቃ እከፍታለሁ ወይ? እንግዳ በማያይበት ቁም ሣጥን ውስጥ ላለው እድፍ እጄን እሰጣለሁ ወይ? እሺ ካለ የውሃ አባት ለመሆን ተስማምቷልና ይግዛ። እሺ ካላለም ነውር የለበትም፤ ዓሣውን ለወንዙ ይተውለት።