ያላዩትን ስለ መመስከር

ምስክር ማለት ያየውንና የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚናገር ሰው ማለት ነው። የምስክርነት ክብር በዐይንና በጆሮ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ ዳኛ ምስክሩን አስቀድሞ የሚጠይቀው በስፍራው እንደ ነበረና በዐይኑ እንዳየ ነው። ነገር ግን በዓለም ከሚነገረው ነገር እጅግ የሚበዛው ተናጋሪው ራሱ ያላየው ነው። አባት ለልጁ፣ መምህር ለደቀ መዝሙሩ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ የሚያወራው ቢመረመር፣ በዐይን የታየው ጥቂት፣ ከሌላ የተሰማውና በምልክት የታወቀው ግን ብዙ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ያላየ ሰው እውነተኛ ምስክር ሊሆን ይችላልን? የሚችልስ ከሆነ በምን ሕግ ተጠብቆ ነው?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ምሳሌውን ከሩቅ ስፍራ፣ ከፊዚክስ ሊቃውንት ሥራ እንወስዳለን። ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች ዘመናቸውን የሚፈጽሙት ማንም በዐይኑ ያላየውን፣ ወደ ፊትም ሊያየው የማይቻለውን ነገር በመመስከር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በስዊስና በፈረንሳይ ወሰን ላይ፣ በጄኔቫ ከተማ አጠገብ፣ በ1954 ዓ.ም. የተመሠረተ ሴርን የሚባል የአውሮፓ የምርምር ተቋም አለ። በዚያ ከምድር በታች 100 ሜትር ያህል ወርዶ፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ እንደ ቀለበት የከበበ ዋሻ ተቈፍሯል። በዋሻው ውስጥ በተዘረጉት ቧንቧዎች ፕሮቶን የሚባሉት የአቶም ክፍሎች፣ እኩሌቶቹ ወደ ቀኝ እኩሌቶቹ ወደ ግራ፣ ወደ ብርሃን ፍጥነት እጅግ በቀረበ ፍጥነት እንዲሮጡ ይደረጋሉ፤ በአራት ስፍራም ፊት ለፊት ይገናኛሉ። መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ የፕሮቶኖቹ ጭፍሮች በአንድ ሰከንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ። ሲጋጩም የግጭቱ ኀይል ወደ ግዙፍ አካል ይለወጥና ቀድሞ ያልነበሩ ቅንጣቶች ይወለዳሉ።

ከሚወለዱት ቅንጣቶች አንዱ ቢ ሜሶን ይባላል። ዕድሜው እጅግ አጭር ነው፤ ይኸውም አንድ ሰከንድ በ1,000,000,000,000 ቢከፈል፣ ከክፍሎቹ የአንድ ተኩል ያህሉ ነው። በዚህች ዕድሜው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዝና ይፈርሳል፤ ሲፈርስም ከእርሱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ሌሎች ቅንጣቶች ይወጣሉ። እንግዲህ ሲወለድ ያየው የለም፤ ሲፈርስም ያየው የለም። የሚታወቀው ከእርሱ የወጡት በሚተዉት ፍለጋ ብቻ ነው። እረኛ የጠፋችውን በግ በኮቴዋ እንደሚፈልግ፣ እነዚህም ሊቃውንት ያለፈውን በፍለጋው ይከተላሉ።

ይህ ጥበብ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ዊልሰን የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ በ1911 ዓ.ም. በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ እርጥብ አየር አዘጋጅቶ፣ የማይታየው ቅንጣት ሲያልፍ በስተ ኋላው እንደ ክር የቀጠነ የጉም መስመር እንደሚተው አሳየ፤ ስለዚህም ሥራው በ1927 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ጉሙን በፈሳሽ፣ ፈሳሹን በኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ሽቦውንም በቀጭን የሲሊኮን ገበታ ለወጡት። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ የማይታየው በሚታየው ላይ የሚተወውን ምልክት መያዝ ነው።

በሴርን ዋሻ ላይ ቢ ሜሶንን ለመመርመር የተሠራው መሣሪያ ኤል ኤች ሲ ቢ ይባላል። ርዝመቱ 21 ሜትር፣ ክብደቱ 5,600 ቶን ነው። ይህ ሁሉ ግዙፍ ነገር ግን አንድ መሣሪያ ሳይሆን በተራ የቆሙ የብዙ መሣሪያዎች ጉባኤ ነው። የመጀመሪያው፣ ከ2011 እስከ 2018 ዓ.ም. በነበረው አሠራሩ፣ ከጨረሩ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ የሚቀመጥ የሲሊኮን ገበታ ነው፤ ሥራውም የፍለጋውን መስመር ከሰው ፀጉር ውፍረት ባነሰ ልክ ለክቶ፣ መፍረሱ ከግጭቱ ስፍራ ምን ያህል ርቆ እንደ ሆነ መናገር ነው። ሁለተኛው ትልቅ ማግኔት ነው፤ እርሱ የቅንጣቱን መንገድ ያጐብጣል፤ ከመጉበጡም መጠን የግፊቱ ብርታት ይታወቃል። ሦስተኛው በጋዝ የተሞላ ክፍል ነው፤ ፈጣኑ ቅንጣት በዚያ ሲያልፍ የብርሃን ቀለበት ይተዋል፤ ከቀለበቱ ስፋትም ፍጥነቱ ይገኛል። አራተኛው ቅንጣቱን አቁሞ ኀይሉን የሚመዝን ነው። አምስተኛው ከወፍራም ብረት በስተ ኋላ የቆመ ነው፤ ሌላው ሁሉ በብረቱ ሲቀር ሙዎን የተባለው ግን ዘልቆ ስለሚያልፍ፣ ወደዚያ የደረሰው ሙዎን ነው ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከእነዚህ መሣሪያዎች ማናቸውም ብቻውን ነገሩን ሁሉ አይናገርም። ስለ መንገድ የሚያውቀው ስለ ኀይል አይመልስም፤ ስለ ኀይል የሚያውቀውም ስለ ፍጥነት አይመልስም። እያንዳንዱ በተሰጠው ልክ ብቻ ይመሰክራል፤ ፍርዱ የሚሰጠው የሁሉ ቃል ተሰብስቦ ሲስማማ ነው። በሕጉ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር አፍ እንዲጸና የታዘዘው ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ በዚህ ይታያል። በ2012 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ሂግስ የተባለው ቅንጣት መገኘቱ በዚያው በሴርን ሲነገር፣ የተነገረው በአንድ ጉባኤ ቃል ሳይሆን፣ የተለያየ መሣሪያ ባላቸው በአትላስና በሲ ኤም ኤስ፣ በሁለቱ ምስክርነት ነበር።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። ኤሌክትሮንና ሙዎን እንደ ወንድማማች የሚቈጠሩ ቅንጣቶች ናቸው፤ ሙዎን በክብደት 207 ጊዜ ያህል ይበልጣል እንጂ በሌላው ጠባይ አይለያዩም። ከቢ ሜሶን አፈራረስ አንዱ፣ ከሁለት ሚሊዮን አንድ ጊዜ ያህል ብቻ የሚሆነው፣ ካኦን ከተባለው ቅንጣት ጋር ሁለት ኤሌክትሮኖች ወይም ሁለት ሙዎኖች የሚወጡበት ነው። የታወቀው የፊዚክስ ትምህርት ሁለቱ በእኩል ቍጥር ይወጣሉ ይላል። በ2021 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ግን የኤል ኤች ሲ ቢ ጉባኤ፣ በኤሌክትሮን በኩል 100 ሲቈጠር በሙዎን በኩል የተገኘው 85 ያህል ብቻ ነው ብሎ አስታወቀ። ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ቢሆን፣ እንዲህ ያለ አጋጣሚ የሚደርሰው ከ1,000 አንድ ጊዜ ያህል ነው ተባለ። ነገሩ እውነት ቢሆን እስከ ዛሬ ያልታወቀ አዲስ የፍጥረት ኀይል አለ ማለት ስለ ነበረ፣ በዓለም ያሉ ጋዜጦች ሁሉ ወሬውን ተቀበሉት። ሊቃውንቱ ግን በዚያም ቀን «ማስረጃ» አሉት እንጂ «ግኝት» አላሉትም፤ በእነርሱ ሥርዐት ግኝት የሚባለው በአጋጣሚ የመሆኑ ነገር ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ያህል ብቻ ሲሆን ነውና።

ከሥርዐታቸውም አንዱ ሊመረመር የሚገባው ነው። እንዲህ ያለውን መጠን ሲለኩ የመጨረሻውን ቍጥር ከራሳቸው ይሰውራሉ። ምን እንደሚቀበሉና ምን እንደሚጥሉ፣ እንዴት እንደሚቈጥሩም አስቀድመው ወስነው ከጨረሱ በኋላ ብቻ የተሰወረውን ይከፍታሉ። ይህ ለምን ሆነ? ሌቦች ስለ ሆኑ ነውን? አይደለም፤ ሰው የሚወደውን ሲያይ ምርመራውን እንደሚያቆም፣ የሚጠላውን ሲያይ ግን ስሕተት እስኪያገኝ ድረስ እንደሚመረምር ስለሚያውቁ ነው። ብራና የሚጽፍም ሰው ይህን ፈተና ያውቀዋል። ዳዊትን በቃሉ የያዘ ጸሐፊ በፊቱ የተዘረጋውን ትቶ ልቡ የሚያስታውሰውን ይጽፋል፤ ሳያውቅም ፊደል ይለውጣል። ስለዚህ የተጻፈው በሌላ ሰው ዐይን ከአብነቱ ጋር ይመሳከራል። ፈቃድ እንዲህ ረቂቅ ጠላት ነው፤ ክፉ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ደግ ፈቃድም።

ነገር ግን ቍጥሩን መሰወር ብቻውን አልበቃም። ኤሌክትሮን ቀላል ስለ ሆነ በመሣሪያው ውስጥ ሲያልፍ ከኀይሉ ከፍሎ በብርሃን መልክ ይጥላል፤ ስለዚህ ከሙዎን ይልቅ ለመለካት ያስቸግራል። ጉባኤው ሥራውን እንደ ገና ሲመረምር፣ ኤሌክትሮን ለመባል የሚጠየቀውን ማስረጃ ባጠበቀ ጊዜ መጠኑ ተንቀሳቀሰ። ምክንያቱን ሲከታተሉ፣ ኤሌክትሮን ያልሆኑ፣ ነገር ግን የኤሌክትሮንን የመሰለ ምልክት የተዉ ሌሎች ቅንጣቶች ከኤሌክትሮኖቹ ጋር ተቈጥረው ኖረዋል። ባዕዳኑ ሲገቡ የኤሌክትሮን ቍጥር በዛ፤ ሙዎኑም ያነሰ መሰለ። በ2022 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ያው ጉባኤ፣ የታረመው መጠን ከቀድሞው ትምህርት ጋር እንደሚስማማ፣ ልዩነቱም እንደ ጠፋ በአደባባይ ተናገረ። ያስገደዳቸው ዳኛ አልነበረም፤ የካዱትም ተቃዋሚ ከሶአቸው አይደለም። ዓለም ያጨበጨበለትን ቃላቸውን ራሳቸው መርምረው ራሳቸው መለሱት።

አንድ ሰው ግን እንዲህ ይል ይሆናል፤ «ዛሬ የተናገሩትን ነገ የሚመልሱ ከሆነ እንዴት ይታመናሉ?» ለዚህ መልሱ ስሕተትን ከሐሰት መለየት ነው። ስሕተት ማለት እውነትን ፈልጎ ማጣት ነው፤ ሐሰት ማለት እውነትን እያወቁ መሰወር ነው። በሁለቱ መካከልም አንድ ሦስተኛ አለ፤ እርሱም ይጠፋብኛል ብሎ ፈርቶ አለመመርመር ነው። ይህ ሦስተኛው ሐሰት ሳይባል የሐሰትን ሥራ ይሠራል። የሚታመን ምስክር ከቶ ያልተሳሳተ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? የሚታመነው ስሕተቱ የሚገኝበትን መንገድ ያልዘጋ፣ ሲገኝም ያልሰወረ ነው። ዛሬ ቃሉን ስለ እውነት ብሎ የመለሰ ሰው፣ ነገ ሳይመልስ የጸናበት ቃል ዋጋ ያገኛል።

እንግዲህ ይህን ወደ ራሳችን እንመልሰው፤ እኛም ያላየነውን የምንናገር ነንና። ከእኛ መካከል አንድ ሰው ደግ ወሬ ይሰማል፤ እገሌ ከታመመበት ተነሣ ይባላል። ወሬው ደስ ስለሚያሰኘው ማን እንዳየው አይጠይቅም፤ ሲያወራው ጥቂት ያሳምረዋል፤ የሰማውም በፈንታው ያሳምረዋል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም ለማነጽ ብሎ ነው። ነገር ግን ሐሰቱ በታወቀ ጊዜ የሚፈርሰው ሐሰቱ ብቻ አይደለም፤ ሰሚው ከእርሱ ጋር እውነተኛውንም ይጥላል፤ በተለይም የሰማው ልጅ ከሆነ። ኢዮብ ወዳጆቹን የገሠጻቸው ስለ እግዚአብሔር ተከራከርን ብለው ሐሰት በመናገራቸው ነበር። እግዚአብሔር በሐሰት ሊረዱት የሚገባ ድኻ አይደለም።

ሁለተኛውም ጉዳት በባልንጀራ ላይ በምንፈርደው ፍርድ ነው። ሰው በማታ ከመሸታ ቤት ሲወጣ ታየ። ፍለጋው እውነት ነው፤ ዐይን አልዋሸም። ነገር ግን የሰከረ ወንድሙን ሊያወጣ ገብቶ እንደ ሆነ ማን ጠየቀ? የኤሌክትሮንን ምልክት የመሰለ ሁሉ ኤሌክትሮን እንዳልሆነ፣ የሰካራምን መንገድ የሄደ ሁሉ ሰካራም አይደለም። በማይናገር ቅንጣት ላይ በፈረዱት ፍርድ ስለ ተሳሳቱ ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ ሊቃውንት መልሰው ከመረመሩ፣ ስም ባለውና ልጆች ባሉት ሰው ላይ ስንፈርድ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል?

ይህን ስንል የሊቃውንቱ መሣሪያ ሁሉን ይመዝናል ማለታችን አይደለም። የብረትና የሲሊኮን መሣሪያ የሚመሰክረው ስለ ግዙፉ ነገር ብቻ ነው፤ ከተሰጠው ልክ አልፎ እንዲናገር የሚያስገድደው ሰው የመሣሪያውን ምስክርነት ሐሰት ያደርገዋል፤ ይህም ሃይማኖትን ሊነቅፍበት ለሚፈልግም፣ ሃይማኖትን ሊያጸናበት ለሚፈልግም ያው ነው። ከእነርሱ የምንማረው ምን እንዳገኙ አይደለም፤ ሲያገኙ ራሳቸውን እንዴት እንደ ጠበቁ ነው።

ስለዚህ ላላየ ምስክር ሕጉ ሦስት ነው። መጀመሪያ፣ ካየው ፍለጋ አልፎ አይናገር፤ «ሰማሁ» የሚባለውን «አየሁ» አይበል። ሁለተኛ፣ የሚወደውን ነገር ከሚጠላው ይልቅ አጥብቆ ይመርምር። ሦስተኛ፣ ተሳስቶ በተገኘ ጊዜ፣ በአደባባይ የተናገረውን በጓዳ ሳይሆን በአደባባይ ይመልስ። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ሰው ስሙን ከእውነት ይልቅ ይወዳልና። ነገር ግን አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዳሉ፣ ጥራቱ አይቀርም። ለእኛ የተተወልን ምርጫ ሲጠራ በየትኛው ወገን ቆመን እንድንገኝ ነው፤ ከመረመሩት ጋር፣ ወይስ እንዳይመረመር ከከለከሉት ጋር።