ረዳት ከደራሲው አይቅደም

ጽሕፈት የእጅ ሥራ ናትን ወይስ የልብ? እጁ የማይታዘዝለት ወይም ዐይኑ የማያይለት ሰው መጽሐፍ የደረሰ እንደ ሆነ፥ ደራሲው እርሱ ነውን፥ ብዕር የያዘለት ረዳቱ ነውን፥ ወይስ መሣሪያው?

ከጥንትም ደራሲና ጸሓፊ ሁልጊዜ አንድ ሰው አልነበሩም። የሮሜን መልእክት በእጁ የጻፈ ጤርጥዮስ ነው፤ መልእክቲቱ ግን የጳውሎስ ናት። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተንም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1652 ዓ.ም. ዐይኑ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ፥ በ1667 የታተመውን ታላቁን ድርሰቱን በቃሉ እየነገረ አስጻፈ። ድርሰቱን ለጸሓፊዎቹ የሚሰጥ የለም።

ከዚህም የጠነከረ ምሳሌ አለ። ዣን ዶሚኒክ ቦቢ የተባለ ፈረንሳዊ የመጽሔት አዘጋጅ በ1995 በአንጎሉ ላይ ድንገተኛ ሕመም ወድቆበት አካሉ ደረቀ፥ አንደበቱም ተዘጋ፤ አእምሮው ግን ጤነኛ ነበረ። ሐሳቡን ለመግለጽ የቀረለት የግራ ዐይኑ ቆብ ብቻ ነው። ረዳቲቱ በፈረንሳይኛ አብዝተው ከሚገኙት ፊደላት ጀምራ በተራ ስትጠራለት፥ ከሚፈልገው ላይ ስትደርስ ዐይኑን ይጨፍናል። እንዲህ በፊደል በፊደል መጽሐፍ ደርሶ በ1997 ታተመለት፤ እርሱም በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተ።

እያንዳንዱ ፊደል እንዲህ ያለ ድካም ስለሚጠይቅ፥ ቦቢ ጸሓፊዋ ሳትመጣ ዐረፍተ ነገሩን በልቡ እያገላበጠ ያርምና በቃሉ ያጠናው ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪም ያለ ብራናና ያለ ቀለም ቅኔውን በልቡ ቈጥሮ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ ስለዚህም በቅኔ ቤት የዐይን መታወር ከሊቅነት አያግድም።

ነገር ግን ረዳት ከደራሲው የቀደመ እንደ ሆነ ነገሩ ይበላሻል። በፈረንሳይኛ የመነጽርና የጨረቃ ስም በአንድ ዐይነት ፊደላት ይጀምራሉ። ቦቢ መነጽሩን ፈልጎ ቃሉን ገና ሳይጨርስ፥ በጨረቃ ምን ልታደርግባት ነው ተብሎ ተጠየቀ። የጠየቀው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ችኩል ነበረ እንጂ።

በ2018 የሞተው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ ደግሞ በጕንጩ ጥቂት እንቅስቃሴ በኮምፒዩተር ይጽፍ ነበር። መሣሪያው ጥቂት ፊደል ሲመረጥ ሙሉውን ቃል ገምቶ ያቀርብለታል፤ እርሱ ካልመረጠው ግን አይጻፍም። ድካሙን ቀነሰለት፥ ሥልጣኑን ግን አልወሰደበትም።

እንግዲህ ደራሲ ማለት «ይህ የእኔ ቃል አይደለም» ብሎ መመለስ የሚችል ነው። እጅም ብዕርም መሣሪያም ሊለወጡ ይችላሉ፤ ይህ ሥልጣን ግን ለሌላ አይተላለፍም። ስለዚህ አንደበቱ የሚዘገይ ሰው ሲናገር ቃሉን የምንጨርስለት እኛ፥ ረዳነው ስንል የራሳችንን ቃል በአፉ እንዳናኖር እንጠንቀቅ።

አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ የጀመርነውን ዐረፍተ ነገር ራሱ የሚፈጽም መሣሪያ በእጃችን ገብቷል። ያ ሕመምተኛ በዐይኑ ቆብ አንዲት አንዲት ፊደል እየመረጠ የጠበቀውን፥ ዐሥር ጣት የተሰጠን ሰዎች በስንፍና አሳልፈን ብንሰጥ ምን እንመልሳለን?