የታመመ መምህርና ወንበሩ

ደቀ መዛሙርቱን የሚወድ መምህር ሲታመም ሥቃዩ ሁለት ነው፤ አንዱ የሥጋው ሕመም፣ ሁለተኛው ጉባኤዬ ይታጐላል የሚለው ሐሳብ ነው። ስለዚህም መድኃኒት መሻትን እንደ እምነት ጉድለት፣ ዕረፍትንም እንደ ስንፍና የሚቈጥሩ መምህራንን እናያለን።

ነገር ግን ጢሞቴዎስን እናስብ። በኤፌሶን ሲያስተምር ሆዱን ደጋግሞ ያመው ነበር። መምህሩ ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 5 ቍጥር 23 ለሕመሙ ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠጣ መከረው፤ ወንበርህን ተው አላለውም፤ ሕመምህን ናቀውም አላለውም። ይህን የመከረው ሐዋርያ ራሱ ሥጋውን የሚወጋው ነገር እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ፣ በፈውስ ፈንታ የሚታገሥበትን ጸጋ የተቀበለ ነው። እንግዲህ ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም።

ዳግመኛም በሁለተኛው መልእክት በምዕራፍ 2 ቍጥር 2 የሰማውን ትምህርት ሌሎችን ለማስተማር ለሚበቁ ለታመኑ ሰዎች አደራ እንዲሰጥ አዘዘው። ስለዚህ መምህር ለሕክምና ሲሄድ ጉባኤውን ለበሰለው ደቀ መዝሙር ቢያስረክብ ወንበሩን አጸና እንጂ አልተወም።

እኛም ከእግሩ ሥር ተቀምጠን የተማርን ሁሉ፣ የመምህራችን ድምፅ ሲደክም እየሰማን ዝም አንበል። እስኪወድቅ አስተማረ ብሎ ከማመስገን፣ ሳይወድቅ የሚታከምበትን ማዘጋጀት ይበልጣል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።