ከፍርግርጉ ውጭ

ፍርሃትም ይሸጣል። በደቡብ አፍሪካ ጋንስባይ ከምትባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ በጀልባ ወደ ዳየር ደሴት የሚሄዱ ቱሪስቶች ለዓመታት ሲገዙት የኖሩት እሱን ነው። ከደሴቲቱ ጎን ጋይዘር ሮክ የተባለ ድንጋያማ ቦታ አለ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አቆስጣዎች፣ እነዚያ ጸጉራም የባሕር እንስሳት፣ ይሰፍሩበታል። ትልቁ ነጭ ሻርክ እነሱን ፍለጋ ይመጣል። ጀልባው መልሕቁን ይጥላል፤ የዓሣ ደምና ዘይት ባሕሩ ላይ ይፈሳል፤ ቱሪስቱም ከጀልባው ጎን በታሰረው የብረት ፍርግርግ ውስጥ ይገባና ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ማዕበሉ ከበረታ ጉዞው ይሰረዛል። ውሃው ከደፈረሰ ደግሞ ሻርኩ አጠገብ እስኪደርስ ድረስ አይታይም። (ከ2017 ወዲህ ኦርካ የሚባሉት ገዳይ ዓሣ ነባሪዎች ሻርኮቹን እየገደሉ ጉበታቸውን መብላት ስለጀመሩ፣ ነጮቹ ሻርኮች ከዚያ አካባቢ እየሸሹ ነው። አስፈሪውም የሚፈራው አለው ማለት ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መልካሳ ተቀምጦ ስለ ሻርክ ማውራት ምን ይባላል የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፣ አዋሽ እንኳን ሻርክ ሊኖረው ባሕር ራሱ አይደርስም፤ አፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። አዞ ግን አለው። ጄሪካን ይዛ ወደ ወንዙ የምትወርድ ልጅ ያንን ፍርሃት ያለ ክፍያ ታገኘዋለች፤ ያውም ያለ ፍርግርግ።

ለመሆኑ ፍርሃትን መግዛት ነውር ነው? እኔ ነውር አልለውም። ሰው ገንዘቡን ከዚህ በባሰ ነገር ላይ ሲያጠፋ አይተናል። ደግሞ በሕይወት ያለ ሻርክ ቱሪስት ካመጣ ክንፉን ቆርጦ የሚሸጠው ሰው ይቀንሳል የሚሉም አሉ፤ ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። የፍርግርጉን ሐሳብ ያመጣው አውስትራሊያዊው ሮድኒ ፎክስም በ1963 በነጭ ሻርክ ተነክሶ ለጥቂት የተረፈ ሰው ነው፤ በኋላ የሻርክ ጠበቃ ሆነ።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በኒውዚላንድ ስቴዋርት ደሴት አካባቢ ፓዋ የሚባል ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ ከድንጋይ ላይ እየለቀሙ የሚኖሩ ጠላቂዎች አሉ። ፍርግርግ የላቸውም፤ ሥራቸው ውሃ ውስጥ ነው። የቱሪስት ጀልባዎች ሻርኩን በዓሣ ሲያባብሉት ጊዜ፣ እንስሳው ጀልባና ምግብን አንድ አድርጎ ለመደ፣ እኛን መከተል ጀመረ ብለው ከሰሱ። በ2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሥራው ወንጀል ነው አለ። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው፤ ሕጉ የሚከለክለው ከማደንና ከመግደል ጋር የተያያዘውን እንጂ እንስሳውን መረበሽ ብቻውን ወንጀል አይደለም ብሎ። ዳኞቹ የተጠየቁት ስለ ሻርኩ ነበር፤ ስለ ጠላቂው የሚናገር አንቀጽ ፊታቸው አልነበረም።

ነገሩ ሩቅ ከመሰለዎት ከመልካሳ አለፍ ብለው ሶደሬ ይሂዱ። የቅዳሜ እንግዳ ለጦጣዋ ሙዝ ይወረውራል፣ ይስቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ እሑድ ማታ አዲስ አበባ ይገባል። ጦጣዋ ግን ሰኞም እዚያው ናት፤ የለመደችውን ከማንም ሰው እጅ ትፈልጋለች። እንግዳው ክፉ አልሠራም። ብቻ ያስለመደውን ሌላ ሰው ይቀበልለታል።

ሜክሲኮ በ2023 መጀመሪያ በጓዳሉፔ ደሴት የሻርክ ጉብኝትን ጨርሳ ዘጋች። የጀልባ ሠራተኞች እንጀራቸው ተቆረጠ፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ እነሱም ቢሆኑ ፍርግርጉ ውስጥ የሚገቡ ሰዎች አይደሉም። ስለዚህ ይዘጋ ብዬ ለመጮኽ አልቸኩልም። ፈቃድ ስጥ ተብዬ ወንበሩ ላይ ብቀመጥ ግን ከጀልባው ባለቤትም፣ ከቱሪስቱም በፊት አስጠርቼ የምጠይቀው ያንን ፓዋ ለቃሚ ነው፤ እሺ ካላለ ደግሞ ወረቀቱ ላይ አልፈርምም።