ካሜራው ያየውን ዳኛው አላየም

«ዝም የማለት መብት አለህ።» ይህቺን ዓረፍተ ነገር እኔ ሃይስኩል እያለሁ ከአሜሪካ የወንጀል ድራማዎች ለቅሜ በቃሌ ይዣታለሁ። የሀገሬ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ያንኑ መብት እንደሚሰጠኝ፣ የተያዘ ሰውም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው።

ድራማዎቹ ይዋሻሉ? አዎ። ካቴናው ሲገባ ማስጠንቀቂያው አብሮ ይነበባል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 በሚራንዳ መዝገብ የወሰነው ግን የተያዘው ሰው ከመጠየቁ በፊት እንዲነገረው ነው፤ ጥያቄ ከሌለ ማንበቡም ግዴታ አይደለም። ይሄ ቀላሉ ውሸት ነው፤ ታሪኩ በ45 ደቂቃ ማለቅ አለበት።

እኔን የሚያሳስበኝ ለእውነታው የቀረበው ነው። «ዘ ዋየር»ን ውሰዱ። ፈጣሪው ዴቪድ ሳይመን የባልቲሞር ጋዜጠኛ ነበር፤ አብሮት የጻፈው ኤድ በርንስ ደግሞ የከተማዋ ፖሊስ መርማሪ። በአንድ ክፍል መርማሪዎቹ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን «ውሸት የሚለይ ማሽን ነው» ብለው ተጠርጣሪውን ያታልሉታል። ሳቅኩ። እዚያ ሀገር ፖሊስ ተጠርጣሪን ቢዋሽ በአብዛኛው ሕጋዊ እንደሆነ ካወቅኩ በኋላም ሳቄ አልቆመም። ለምን? ልጁ ጥፋተኛ ነው ብዬ ስላመንኩ።

የሰፈራችን ልጅ የተያዘ ቀን እናቱ እኛ ቤት መጡ። «ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፤ ምን ላድርግ?» አሉኝ። «አይዞዎት እትዬ፣ ትንሽ ይጠብቁ» አልኩ። በሆዴ ግን «ዝም ብለውማ አልያዙትም» እያልኩ ነበር። ሕጉን ለማየት እንኳ አልሞከርኩም። ልጁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተለቀቀ፤ ሲፈለግ የነበረው ሌላ ሰው ኖሯል። አንቀጽ 19ን ያነበብኩት ያን ማታ ነው።

ሥርዓቱን አንድ በአንድ በትክክል ያሳየ ድራማም ሊያሳስተን ይችላል ያልኩት ለዚህ ነው። ገዳዩን አስቀድመን ካየን፣ የመርማሪው ጥፊ ፍትሕ ይመስለናል፤ ጠበቃው ደግሞ እንቅፋት። በእውነተኛው ዓለም ግን ያንን ያየ የለም፤ ፖሊሱም፣ ዳኛውም፣ እኔም። ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ ሰው ንጹሕ ነው የሚባለው ለደግነት ብቻ አይደለም። ስለማናውቅ ነው።

አሁንም ድራማ አያለሁ። እትዬን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ግን ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። በሆዴ ያልኩትን አያውቁም።